ሎጊያ ላይ የቆምንባቸው ሁለት ቀናት

መንቀጥቀጡ የጀመረን በአዳማው የፍጥነት መንገድ ላይ ነው። በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ላይ ስንደርስ ከእግሬ ስር፣ ከወለሉ ውስጥ፣ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ነገር መጣ። 95 ስገባ ጠፋ። ወደ 85 ስመለስ ተመለሰ። መሪው ግን ምንም አልተንቀጠቀጠም።

«ጎማ ነው» አለ የአጎቴ ልጅ። አዳማ ገብተን ጎሚስታ ጋ አራቱንም ጎማ ባላንስ አስደረግን። ወለንጪቲን ስናልፍ ያው ነበር።

ታኅሣሥ 2011 ነው። ለአፋር ጉዞ ጥሩው ወቅት ነው፤ ሙቀቱ ጋብ ይላል። ሐሳባችን በሰመራ አድርገን አፍዴራ መድረስ፣ ከዚያም ወደ ኤርታ አሌ መውጣት ነበር። የኤርታ አሌ መንገድ አሸዋና የቀዘቀዘ ላቫ ነው። የመኪና ሆድ የሚፍቅ ድንጋይ አለው። ለዚህ ብዬ ነው ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት መኪናዬን 10 ሴንቲ ሜትር ያስነሳኋት።

መኪናዋ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ናት፤ ከፊት ሞላ (የተጠመዘዘ ስፕሪንግ)፣ ከኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች)። ከፊት ረጅም ሞላ ገባ። ከኋላ አንድ ቅጠል ተጨመረ፤ ባሌስትራውን ከቻሲው ጋር የሚያንጠለጥለው ብረትም በረጅም ተተካ። ሥራው በአንድ ቀን አለቀ። የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች ስለሚወስደው ስለ ትራንስሚሽን ዘንጉ ማንም አላነሳም። እኔም አልጠየቅኩም።

አዋሽ አርባን ካለፍን በኋላ ሜዳው ላይ አንድ ነገር ሞከርኩ። 85 ላይ እያለን ፍሪሲዮን ረግጬ ማርሹን ባዶ አደረግኩት። ሞተሩ ዝም አለ፤ መንቀጥቀጡ ግን ቀጠለ። ሞተር አይደለም ማለት ነው። ጎማም አይመስልም፤ የጎማ መንቀጥቀጥ ቀስ ያለ ነው፤ ይኼኛው ፈጣን ነው። በእኔ መኪና ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ ከ4 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ፈጣን መንቀጥቀጥ ከዘንጉ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ያኔ ግን ይህን አስቤ እስከ መጨረሻው አልሄድኩበትም። ፍጥነቱን 70 አድርጌ ቀጠልኩ። ገዋኔ ላይ ሻይ ጠጥተን ስንነሳ፣ መኪናዋ ቀስ ስትል ከስር እንደ ጫጩት የሚጮህ ድምፅ ሰማን። ጢው፣ ጢው፣ ጢው። ፍጥነት ስጨምር ይጠፋል። እዚያው መቆም ነበረብኝ።

ሚሌን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ማርሽ ስቀይር ከስር «ቋ!» አለ። ደግሜ ነዳጅ ስሰጥ ደገመው። ዳር ይዤ ቆምኩ።

ያ የጅቡቲ መስመር ነው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ከባድ መኪና ቆመልን። ሹፌሩ ወርዶ ከመኪናችን ስር ገባና ዘንጉን በእጁ ይዞ ነቀነቀው። «ወንድሜ፣ የፊተኛዋ ክሮቼራ አልቃለች» አለኝ። ክሮቼራ ዘንጉን ጫፍና ጫፍ ላይ የምትይዘው የመስቀል ቅርጽ ያላት ብረት ናት፤ ዘንጉ እየዞረ እንዲታጠፍ የምታደርገው እሷ ናት። «ከፊት በኩል ከተበጠሰች ዘንጉ አስፋልቱን ወግቶ መኪናውን ያነሳዋል። እንዳትነዳት።»

ያዳነን የመኪናዋ አሠራር ነው። የኋላውን ዘንግ መፍታት ይቻላል፤ በየጫፉ 4 ቡሎን ነው። መጀመሪያ ጎማዎቹ ስር ድንጋይ አደረግን፤ ዘንጉ ሲወጣ ማርሹ የኋላ ጎማውን አይዝምና መኪናው ሊንሸራተት ይችላል። በ14 ቁልፍ ፈታነው። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን ከአክስላቸው ጋር የሚያያይዙትን ሃቦች ቆልፈን፣ ባለ አራት ጎማውን ማርሽ አስገብተን፣ በፊት ጎማ ብቻ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቀስ እያልን ሎጊያ ገባን። ሹፌሩ ብር አልቀበልም አለ። ውሃ ብቻ ተቀበለን።

ሎጊያ የከባድ መኪና ሹፌሮች ከተማ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ሞተር አይጠፋም፤ ምግብ ቤቱም ጋራዡም አይዘጋም። ወደ አንድ መካኒክ ወሰዱን፤ ከኮምቦልቻ መጥተው እዚያ ያረጁ ሰው ናቸው። ዘንጉን መሬት ላይ አስተኝተው ክሮቼራዋን አዩ። በጫፏ ዙሪያ ቡና የመሰለ ቀይ ዱቄት ነበር።

«ይኼን አየኸው? ውስጧ ያሉት መርፌዎች ግሪስ አጥተው ሲፈጩ የሚወጣ ዝገት ነው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አዲስ ነበረች እኮ። ከስድስት ወር በፊት ነው የቀየርኳት።»

«እሷ ምን አጠፋች? ያጠፋው አንግሉ ነው።»

ከዚያ ያስረዱኝን አልረሳውም። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ አንዱን ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው የማርሽ ሳጥን)፣ ሌላውን ዲፈረንሻል (አክስሉ ላይ ያለው፣ ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው) አደረጉት። ክሮቼራ ታጥፋ ስትዞር እኩል አትዞርም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለቴ ትፈጥናለች፣ ሁለቴ ትዘገያለች። የኋለኛዋ በተመሳሳይ አንግል ከታጠፈች የፊተኛዋን ስህተት ታጠፋዋለች፤ ዲፈረንሻሉ ጋ የሚደርሰው ልስልስ ያለ ዙር ነው። አንግሎቹ ከተለያዩ ግን ስህተቱ አይጠፋም፤ ወለሉን ያንቀጠቅጣል፣ ክሮቼራዋንም ይበላል። ስለዚህ የትራንስፈሩ አፍና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ትይዩ መሆን አለባቸው።

በስልኬ ለካን። የትራንስፈሩ መውጫ ወደ ኋላ 2 ዲግሪ ያዘነብላል። የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ግን 8 ዲግሪ ወደ ላይ ቀና ብሏል። ምክንያቱ ያ ረጅም ማንጠልጠያ ነው። የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ወደ ታች ሲገፋው አክስሉ ይዞርና አፍንጫው ቀና ይላል። የተጨመረው ቅጠልም የራሱን አድርጓል። ከፍታ ብቻ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አክስሉን ነው ያዞርኩት።

አዲስ ክሮቼራ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ እስኪላክ ሁለት ቀን ጠበቅን። ቀን ቀን ጥላ ስር ተኝተን፣ ማታ ማታ ፍየል ጥብስ እየበላን። የአጎቴ ልጅ ጉዞው ቀረ ብሎ ተክዞ ነበር። ጋሼ «አብሽር፣ አፍዴራ የትም አይሄድም» ይሉታል።

በሁለተኛው ቀን አሮጌዎቹን አጭር ማንጠልጠያዎች ከወንበር ስር አወጣን፤ እንኳን አልጣልኳቸው። እነሱ ሲገቡ አፍንጫው ወደ 5 ዲግሪ ወረደ። የቀረውን ጋሼ በሽብልቅ አስተካከሉት። ከብረት ቆርጠው፣ በብረት መሞረጃ አሾለው፣ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል አስገቡት። አሉሚኒየም እንዳላስገባ አጥብቀው ነገሩኝ፤ ጭነት ሲበዛ ይጨፈለቃል። በመጨረሻ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ በታች ሆነ። ዘንጉን ሲገጥሙም ቀድመው በነጭ ቀለም ያደረጉትን ምልክት አገናኙ። እርስ በርስ የሚሰካኩት ሁለቱ የዘንጉ ክፍሎች በአንድ ጥርስ እንኳ ተዛንፈው ከገቡ መንቀጥቀጡ እንደገና ይመጣል።

መኪናዋ ከኋላ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አለች። ምንም አላጎደለብኝም።

ሰርዶ ላይ ወደ ሰሜን ታጥፈን አስፋልቱን ስንይዝ 85 ላይ አደረስኳት። የአጎቴ ልጅ ጫማውን አውልቆ እግሩን ወለሉ ላይ አሳረፈ። «ምንም የለም» አለ። 90 ገባሁ። 95። ከንፋሱ በቀር የሚሰማ የለም።

አፍዴራ የደረስነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ቦታው ከባህር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከበድ ይላል፤ የጨው ክምሩ በምሽቱ ብርሃን ሐምራዊ መስሏል። የአጎቴ ልጅ ወደ ሐይቁ ወረደ። እኔ ባትሪ ይዤ ከመኪናው ስር ገባሁ። ክሮቼራዋን በጣቴ ዳሰስኳት። ለብ ብላለች እንጂ አልጋለችም። ቀይ ዱቄትም የለም። የሽብልቁን ቡሎኖች አንድ በአንድ በቁልፍ ሞከርኳቸው፤ አንዱ ሩብ ዙር ጠበቀልኝ። እጄን ጠርጌ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።