ጥቅምት ላይ ወደ ሴኔካ ሮክስ

ዓለት ለመውጣት ከጥቅምት የተሻለ ወር አላውቅም። ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ ሦስት ሰዓት ያህል ሲነዳ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሴኔካ ሮክስ የሚባል ዓለት አለ። ከሥሩ ካለው ወንዝ ወደ 270 ሜትር ከፍ ይላል፤ ቀጥ ያለና ስስ ነው። በሐምሌ ሙቀት እጅ ያልበዋል፣ ዓለቱም ያንሸራትታል። ጥቅምት ላይ ግን አየሩ ደረቅ ነው፤ ጣት የያዘውን አይለቅም። ሸለቆው ደግሞ ቢጫና ቀይ ይሆናል።

ችግሩ የቀኑ ማጠር ነው። በሰኔ 15 ሰዓት የሚጠጋው ብርሃን ጥቅምት ላይ ወደ 11 ይወርዳል። ፀሐይ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ትወጣለች፣ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የለችም። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማሰላው ሰዓቱን ነው፤ ዕቃው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ደብረ ዳሞን ያየ ሰው በገመድ መውጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። እዚያ ግን 15 ሜትር ገደማ ነው፤ አንዴ ከወጡ አለቀ። ሴኔካ ላይ በአንድ ገመድ ርዝመት አይደረስም። አንዱ ከፊት ይወጣል፣ ገመዱ ሳያልቅ ምቹ ቦታ ላይ ቆሞ ራሱን ከዓለቱ ጋር ያስራል፣ ከዚያ ሁለተኛው ይከተለዋል። እንደገና ከዚያ ይቀጥላሉ። እያንዳንዱ እርከን ፒች ይባላል። አንዱ ሲወጣ ሌላው ገመድ ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል። ብርዱ አጥንት ድረስ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ጓደኛዬ ረዘምና ከበድ ያለ መንገድ መርጦ ነበር። «ወንድሜ፣ ለእሱ የሰኔ ቀን ያስፈልገዋል» አልኩት። ትንሽ ተከራከርን፤ በመጨረሻ ኦልድ ማንስ ሩት በሚባለው ተስማማን። ደረጃው 5.3 ነው፣ ከቀላሎቹ የሚመደብ። ሴኔካ ላይ ግን ቁጥር አይታመንም፤ ከሌላ ቦታ ተመሳሳይ ደረጃ ይልቅ ይከብዳል። በዚያ ላይ ከዓለቱ ሁለት ጫፎች እኛ የምንወጣበት ደቡባዊው የእግር መንገድ የለውም። የወጣ ሁሉ በገመድ ነው የሚወርደው። መውረጃው ሰዓት ካልተቆጠረ ዕቅዱ ግማሽ ዕቅድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ቀላሎቹ መንገዶች ሥር ሰው ስለሚሰለፍ ዓርብን ፈቃድ ወሰድን።

ሐሙስ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዕቃውን ዘረገፍነው። 60 ሜትሩን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ መሀል አሳለፍኩት። የሳሳ ወይም ያበጠ ቦታ በዓይን አይታይም፤ ጣት ያገኘዋል። ስንጥቅ ውስጥ የሚሰኩትን ካሞች አንድ በአንድ እየሳብን ሞከርናቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 እና 44 የአሜሪካ ጦር ተራራ ወጪ ወታደሮቹን እዚህ ሲያሰለጥን ብዙ ብረት ዓለቱ ላይ ቸንክሯል፤ ዛሬም የዛገ ምስማር ይታያል። በእሱ ላይ ሕይወት አይንጠለጠልም። ሄልሜት ላይም ድርድር የለም። ከሁለቱ ጫፎች መሀል ቆሞ የነበረው ዣንዳርም የሚባለው የድንጋይ ዓምድ እንኳ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1987 በድንገት ወድቋል።

ልብስ ላይ እኔ ቀበጥ አይደለሁም፣ ግን ጥቅምት ነው። ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ስስ የሱፍ ሹራብ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ሄልሜት ሥር። ገመድ ለመያዝ ጓንት። የግንባር ባትሪ ለየራሳችን፤ አንዱን ለሁለት መጋራት አይሠራም፣ ምክንያቱም በአንድ ገመድ ርዝመት ተራርቀን ነው የምንውለው። ውኃ ለየሰው አንድ ሊትር ተኩል። ቆሎና ቴምር በደረት ኪስ፤ በአንድ እጅ የሚበላ ነገር ወርቅ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ? አጥንቱን ለማታ አቆየነው። የመራመጃ ጫማችንን ሳይቀር ወገባችን ላይ አንጠልጥለን ነው የምንወጣው፤ በጠባቡ የመውጫ ጫማ ቁልቁል መሄድ ቅጣት ነው።

ስልክ ላይ አልተማመንንም። አካባቢው ለሬዲዮ ቴሌስኮፕ ሲባል ከእ.ኤ.አ. 1958 ጀምሮ የሬዲዮ ሞገድ የተገደበበት ቀጠና ውስጥ ነው። ባለቤቴ የመንገዱን ስምና «ማታ 3 ሰዓት ድረስ ካልደወልን 911 ጥሪ» የሚል ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጠፈች።

ዓርብ ከንጋቱ 10 ሰዓት ተነሳን። ምዕራባዊው ገጽ ጠዋት ፀሐይ አያገኝም፤ ዓለቱን ስነካው ከፍሪጅ እንደወጣ ብረት ነበር። የመጀመሪያው እርከን ላይ ጣቶቼ ደንዝዘው ቋጠሮዬን ሁለቴ በዓይኔ አየሁት። ጓደኛዬ ከላይ «ና!» ሲለኝ ድምፁን ንፋስ ወሰደው፤ ቀድመን እንደተስማማነው ገመዱን ሦስቴ ሲስበው ገባኝ። ወደ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ዞራ መጣች፤ ሹራቡ ቦርሳ ገባ። ጫፉ ላይ ሁለቱም ጎን ገደል ነው። እዚያ ንፋሱ ስላላስቆመን ፎቶ አንስተን ወዲያው መውረጃውን አሰርን።

መኪናው ጋ ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። ባትሪዎቹ ሳይበሩ ተመለሱ፤ እኔ ግን አሁንም እይዛቸዋለሁ። ኖቬምበር ላይ የአሜሪካ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ፀሐይ 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች። ጓደኛዬ ስለዚያ ረጅም መንገድ መልሶ አነሳብኝ። ለግንቦት ቀጠርኩት።