የአማርኛ ጽሑፍ ያለበትን የአክሰስ 97 ፋይል ወደ አዲሱ አክሰስ ማሻገር

አክሰስ የማይክሮሶፍት የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው። በአክሰስ 97 የተሠራ ዳታቤዝ በአክሰስ 2013ም ሆነ ከዚያ በኋላ በወጡት አይከፈትም። እሱን የሚከፍተው የመጨረሻው ቨርዥን 2010 ነው። ስለዚህ 2003፣ 2007 ወይም 2010 የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ይፈልጉ፤ ሥራው ሙሉ በሙሉ ሳያልቅም ፕሮግራሙን ከኮምፒውተሩ አያንሱት።

የፋይሉ ስም መጨረሻ «ኤምዲቢ» (.mdb) መባሉ ዕድሜውን አይነግርዎትም፤ 97ም 2003ም ያንኑ ይጠቀማሉ። የፋይሉን ባይቶች በቁጥር በሚያሳይ ፕሮግራም (በሄክስ ኤዲተር) ከፍተው ከዜሮ ጀምረው ሲቆጥሩ 20ኛ ላይ ያለውን ባይት ይዩ። 0 ከሆነ የ97 ነው፤ 1 ከሆነ ከ2000 እስከ 2003 ባሉት የተሠራ ነው፤ 2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኤሲሲዲቢ (.accdb)፣ ማለትም ከ2007 ጀምሮ የመጣው አዲሱ የፋይል ዓይነት ነው።

ፋይሉን ወደ አዲሱ ዓይነት የመለወጡን ሥራ ሁልጊዜ በቅጂ ላይ ይሥሩ። ፋይሉ በተጠቃሚ ስምና ፈቃድ የተቆለፈ ከሆነ ሙሉ መብት ባለው ስም ይግቡ፤ ኤሲሲዲቢ ያንን የፈቃድ አሠራር አይቀበልም። ከለውጡ በኋላ የየሰንጠረዡን የመዝገብ ብዛት ከዋናው ጋር ያስተያዩ።

ትልቁ ሥራ ግን ከዚህ በኋላ ነው፤ ፋይሉ ተከፍቶም አማርኛው አይነበብም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ ቁጥር የሚሰጠው ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ አክሰስ 97 ለአንድ ቁምፊ አንድ ባይት ብቻ ይሰጣል። ያኔ አማርኛ ይጻፍ የነበረው በላቲን ቁምፊዎች ላይ የግዕዝ ቅርጽ በሚያለብስ ፎንት ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ 256 ቦታ አይበቃቸውም። በዚህ ምክንያት አንድ ፊደል በሁለት ቁምፊ የሚሠራባቸው ፎንቶች አሉ፤ ፊደሉን ለብዙ ፎንት ያከፋፈሉም አሉ። ዳታቤዙ የሚያውቀው ላቲኑን ብቻ ስለሆነ ያንኑ ላቲን ወደ አዲሱ ፋይል ያሻግራል።

መጀመሪያ ፎርሞቹን በዲዛይን ገጽታ ከፍተው እያንዳንዱ አምድ በየትኛው ፎንት ይታይ እንደነበር ይመዝግቡ። የፎንቱ ስም ከጽሑፉ ጋር አልተቀመጠም፤ የሚገኘው ፎርሙና ሪፖርቱ ላይ ነው። ይህን ሳያዩ ሁሉንም በአንዴ የለወጡ እንደሆነ በእንግሊዝኛ የተጻፈው አድራሻም ይበላሻል።

ቀጥሎ «አሮጌ» (የላቲኑ ቁምፊ) እና «አዲስ» (እሱን የሚተካው የግዕዝ ፊደል) የሚሉ ሁለት አምዶች ያሉት የመለወጫ ሰንጠረዥ ይሥሩ። የቪቢኤ (VBA፣ አክሰስ ውስጥ ያለው የፕሮግራም ቋንቋ) ኮድ መጻፊያው ግዕዝ አይቀበልም፣ የጥያቄ ምልክት ያደርገዋል፤ ስለዚህ ፊደሎቹ ኮዱ ውስጥ ሳይሆን ሰንጠረዡ ውስጥ ይቀመጡ። «አሮጌ» የሚለውን አምድ ዋና ቁልፍ አያድርጉት። አክሰስ ትንሹንና ትልቁን ላቲን ሲያወዳድር አንድ ስለሚያደርጋቸው «ተደግሟል» ብሎ ይመልስብዎታል፤ በአሮጌ ፎንቶች ግን ሁለቱ የተለያዩ የአማርኛ ፊደላት ናቸው። ተራ ቁጥር ቁልፍ ይሁን። በዚሁ ምክንያት ጽሑፍን በሌላ የሚተካውን የሪፕሌስ (Replace) ፋንክሽን ስድስተኛውን ግብዓት 0 ብለው ይጻፉ፤ ያኔ ትንሹንና ትልቁን ይለያል።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። በሁለት ቁምፊ የሚሠሩት ፊደሎች ይቅደሙ፣ ባለ አንዱ ይከተል። ባለ አንዱ ከቀደመ ጥንዱን ይሰብረዋል፣ ሁለተኛው ቁምፊም ብቻውን ይቀራል። የቁምፊ ቁጥር ሲያነቡ ደግሞ በአስክደብሊው (AscW) ፋንክሽን ይሁን፤ ፋይሉ ከ97 ወደ አዲሱ ሲሻገር ከ128 እስከ 159 ያሉት ባይቶች ብዙዎቹ ቁጥር ይቀይራሉ፣ ለምሳሌ በምዕራባዊው የዊንዶውስ ኮድ ገጽ 130 የነበረው 8218 ይሆናል።

ፋይሉን የሚጋሩት ሁሉ አዲስ አክሰስ ከሌላቸው «ትልቅ ቁጥር» የሚባለውን የአምድ ዓይነት አይጠቀሙ፤ አሮጌዎቹ ቨርዥኖች አይከፍቱትም። በ64 ቢት አክሰስ ተጠናቅሮ የተዘጋ ፋይልም (ACCDE) በ32 ቢት አይሠራም።

መጨረሻ ላይ በተለወጡት አምዶች ውስጥ ላቲን ቁምፊ የቀረባቸውን መዝገቦች በኩዌሪ ያውጡ። የሚወጡት ወይ እውነተኛ እንግሊዝኛ ናቸው፣ ወይ ከሰንጠረዡ የተረሱ ፊደላት፤ የተረሱትን ሞልተው ለውጡን ካልተነካው ቅጂ እንደገና ይጀምሩ።