ከደብረ ታቦር እስከ ዎልፍ ስትሪት

ለማስተርስ ትምህርት በሄድኩባት የአሜሪካ ከተማ በባልቲሞር የመጀመሪያዋን ሌሊት ያደርኩት ወለል ላይ ነው፤ እርጥብ ፎጣ ደረቴ ላይ ጥዬ። ሰኔ 2016 ዓ.ም. ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። እኛ ደብረ ታቦር በዚህ ጊዜ ሰው ጋቢ ደርቦ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እየሰማ ነው የሚተኛው። እዚህ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ክፍሌ ቀን የጠጣችውን ፀሐይ ሌሊት ትተፋዋለች። መስኮቷ ከግማሽ በላይ አይከፈትም፣ ኤሲው አይሠራም። ቆላ አላውቅም እንዳልል መተማ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመተማ ሙቀት ግን ጥላ ስር ስትገባ ይለቅሃል። የባልቲሞሩ እርጥብ ነው፤ ተከትሎህ ቤት ይገባል።

አከራዩን ስደውልለት «ነገ ሰው እልካለሁ» አለኝ። ሰውየው የመጣው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። በዚያ ላይ ውሉ ውስጥ ያልነበረ 200 ዶላር «ለጽዳት» ብሎ ጠየቀኝ። ክፍሏን ያጸዳኋት ራሴ ነኝ፤ ከአልጋው ስር ያወጣሁትን አቧራ አሁንም አልረሳውም። ግን አገሩን አላውቅም፣ ከዚያ ብወጣ የት እንደማድር አላውቅም፣ ከፈልኩ። አገር ቤት ከአንድ ወር ደመወዜ የሚበልጥ ገንዘብ ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል።

ማለዳ አየር ፍለጋ ወጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። በባልቲሞር ቤቶቹ እንደ ወንድማማች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው የቆሙ የጡብ ቤቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ በራቸው ላይ ሦስት አራት ደረጃ ነጭ እብነ በረድ አላቸው። ጎረቤት ያሉ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊት እሳቸውም ደረጃቸው ላይ ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። ፊቴን አይተው «ልጄ፣ እንቅልፍ አልወሰደህም» አሉኝ። ነገርኳቸው። ምንም ሳይሉ ገብተው አንድ አሮጌ ማራገቢያና በረዶ የሞላ ውኃ ይዘው ወጡ። በልቤ እማማ ብዬ የጠራኋቸው ያን ቀን ነው። ብርዱ ሲመጣ ማራገቢያውን ልመልስ ብሄድ «ሐምሌ በየዓመቱ አለ» ብለው መለሱልኝ።

እዚያ ደረጃ ላይ ለመቀመጥ የፈጀብኝ ጊዜ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ይበልጣል። ጆንስ ሆፕኪንስ ለሕዝብ ጤና ማስተርስ የሚያመለክት ሰው ቢያንስ ሁለት ዓመት በጤና ሥራ ላይ እንዲቆይ ይፈልጋል፤ እሱስ ነበረኝ። ያንገላታኝ ወረቀቱ ነው። የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤቶች በጋራ የሚቀበሉበት ሶፋስ የሚባል ድረ ገጽ አለ። ማመልከቻው በዶላር ስለሚከፈል ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፈለችልኝ። ከዚያ የውጭ አገር ውጤት መርማሪው ድርጅት ትራንስክሪፕቴ ከተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ፣ በታሸገ ፖስታ እንዲላክለት ጠየቀ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማግኘት ደግሞ ኮስት ሼሪንግ ተከፍሎ ማለቅ አለበት፤ እኔ ገና በቴምፖ፣ በጊዜያዊው የምስክር ወረቀት ነበር የምሠራው። የቀረውን ዕዳ ከዕቁብ ባወጣሁት ብር ዘጋሁና ክሊራንስ ይዤ ሄድኩ።

ሠራተኛው ፖስታውን አሽጎ፣ አድራሻውን ጽፎ፣ መዝጊያው ላይ ማኅተም ማሳረፍ ረሳ። ያወቅሁት አዲስ አበባ ደርሼ ለፈጣን መልእክት ላስረክብ ስል ነው፤ ተቀባይዋ ልጅ ገልብጣ አይታ «ይሄ መዝጊያው ላይ ማኅተም የለውም፣ ይመልሱብሃል» አለችኝ። የአንድ ቀን መንገድ ተመልሼ ሄድኩ። ማኅተም ያዡ ለስብሰባ ወጥቷል። ሁለት ቀን ጠብቄ፣ አንድ ጊዜ «ጧ» አድርጎ ሰጠኝ። ለሚያመለክቱ ወንድሞችና እህቶች የምለው ይህን ነው፦ ፖስታው ከእጃችሁ ሳይወጣ መዝጊያውን እዩት።

ለምን መማር እንደምትፈልግ የምታስረዳበትን፣ ስቴትመንት የሚሉትን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። የመጀመሪያው «ከልጅነቴ ጀምሮ ሕዝቤን ለማገልገል» የሚል ነበር። ቀድሞ ውጭ የተማረ የሥራ ባልደረባዬ አንብቦ መለሰልኝ፤ «ይሄን ሁሉም ይጽፈዋል፤ አንተ በእጅህ የሠራኸውን ጻፍ» አለኝ። እኔም መቀስ ጻፍኩ። በዓመት ሁለት ጊዜ ለሕፃናት ቫይታሚን ኤ ስናድል የእንክብሉን ጫፍ የምንቆርጥበትን መቀስ። ሰማያዊው ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ወር ላለ ሕፃን ነው፣ ቀዩ ከዓመት በላይ እስከ አምስት ዓመት። ጉንጩን ያዝ ታደርግና አፉ ሲከፈት ጠብታውን ጨምቀህ ትሰጠዋለህ። አንድ ጤና ኬላ ላይ በአንድ መቀስ ስንት እናቶችን እንደምናስተናግድ፣ መቀሱ ሲደነዝዝ እንክብሉ እንዴት እንደሚፈነዳና ዘይቱ እንደሚባክን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በድንጋይ እንዴት እንደምትስለው ጻፍኩ። የትምህርቱን ክፍያ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ጋር ተቀባይነት አገኘሁ የሚለው ኢሜይል የደረሰኝ መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ስልኬ 4 በመቶ ላይ ሳለ ነው። ለእናቴ ሳልነግራት ስልኩ ዘጋ።

የተማሪዎች መመዝገቢያ ሴቪስ 350 ዶላር፣ ቪዛ 185 ዶላር ነበር። እንጦጦ መንገድ ያለው ኤምባሲ ውስጥ ቃለ መጠይቁ ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም። በረራው ረጅም ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አውሮፕላኑ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ተሸክሞ መነሳት ይከብደዋልና በመሃል አርፎ ቀዳ። ከዋሽንግተን ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ የአክስቴ ልጅ ተቀብላኝ ሁለት ቀን ሲልቨር ስፕሪንግ አረፍኩ። እዚያ አማርኛ ብቻ ይዘህ ጤፍ ትገዛለህ፣ ፀጉርህን ትቆረጣለህ፣ ቤተ ክርስቲያን ታስቀድሳለህ። ባልቲሞር ከዚያ አንድ ሰዓት ባይርቅም ሌላ አገር ነው።

ትምህርት ቤቱ ዎልፍ ስትሪት ላይ ነው። በ1916 እ.ኤ.አ. በሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ ተቋቋመ፤ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ጆንስ ሆፕኪንስ የተባለ የባልቲሞር ነጋዴ ሲሞት በተወው ሀብት በ1876 ተከፈተ። የሚያስተምረው በስምንት በስምንት ሳምንት ቆራርጦ ነው። በአራተኛው ሳምንት ፈተና፣ በስምንተኛው ማጠቃለያ፤ ትንፋሽ ሳትሰበስብ ሌላ ይጀመራል። ማስተርሱ 80 ክሬዲት ነው፣ በአሥራ አንድ ወር። አገር ቤት አንድ ሴሚስተር የሚፈጀውን ስታቲስቲክስ እዚህ የቡሄ ጅራፍ ሳይጮህ ጨርሰነዋል። ከመጀመሪያው ፈተና ያገኘሁት ውጤት አስደንግጦኝ ነበር። ረዳት መምህሯ በሳምንት ሁለት ቀን በሯን ከፍታ ትቀመጣለች፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሄድኩ፤ አንድም ቀን ፊቷን አላጠቆረችብኝም።

መምህራኑን በስማቸው መጥራት አልቻልኩም። እኛም አገር ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙ ነው፤ ግን ከፊቱ ዶክተር ወይም ጋሼ ሳይገባ ከአፍ አይወጣም። አንድ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ፕሮፌሰር በስሜ ጥራኝ ብለው ሦስት ጊዜ ነገሩኝ፤ እኔ እስከ መጨረሻው ፕሮፌሰር እንዳልኳቸው ተለያየን። እኔን ደግሞ መታወቂያውም ኢሜይሉም በአባቴ ስም ነው የመዘገቡኝ። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራው ሰው ከሰማሁ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ቀን ረዳት መምህሯ ወረቀት ስታድል ስሙን ጠራች። «አቤት» አልኩ፣ በአማርኛ።

ከትምህርት ቤቱ ጥቂት ርምጃ ሄደህ ብሮድዌይ ላይ ጉልላት ያለው አሮጌው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሕንፃ አለ፤ በ1889 የተከፈተው። ከጉልላቱ ስር እጆቹን የዘረጋ የክርስቶስ የእብነ በረድ ሐውልት ቆሟል፤ ቁመቱ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። እግሩ ስር «ወደ እኔ ኑ» የሚለው የማቴዎስ ወንጌል ቃል ተጽፏል። አስታማሚዎች የጸሎት ወረቀት ጽፈው ይተዋሉ፣ የሚያልፍ ሰው ጣቱን ይነካል። አንድ ማለዳ የቀዶ ሕክምና ልብሱን የለበሰ ሐኪም መጥቶ ነክቶ ሲያልፍ፣ ከኋላው ወለል የምትወለውል ሴት መጥረጊያዋን አቁማ ስትነካ አየሁ። እኔም ጎንበስ ብዬ ተሳለምኩ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሆነብኝ የአሜሪካ ቦታ ያ ብቻ ነው።

ይህን ለእማማ ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ «እኛ ልጆች ሳለን ከመሸ በዚያ አትለፉ፣ ሐኪሞቹ ይወስዷችኋል ይሉን ነበር» አሉኝ። የሄንሪዬታ ላክስን ታሪክ መጀመሪያ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በክፍል የተማርነው በኋላ ነው። በ1951 እ.ኤ.አ. የአምስት ልጆች እናት በማኅፀን በር ካንሰር ታማ እዚያ መጣች። ከዕጢዋ ሳታውቅ የተወሰዱት ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ሳይሞቱ መባዛት ቀጠሉ፤ ሂላ ተብለው ዓለምን ዞሩ፤ የፖሊዮ ክትባት ሲፈተሽ ያገለገሉት እነሱ ናቸው። ቤተሰቧ የሰማው እሷ ከሞተች ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እኔ ስንት ሕፃን ምላስ ላይ የፖሊዮ ጠብታ አኑሬአለሁ። ስንት ጊዜስ ለጥናት ደም ስወስድ እናቲቱን «እዚህ ጋ ፈርሚ» ብቻ ብዬ አልፌአለሁ? ያን ማታ የስምምነት ቅጽ አጻጻፍ የቤት ሥራዬን ቀድጄ እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ ማንበብ ለማትችል እናት ቁጭ ብሎ የሚነገር አድርጌ።

ከ1977 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. የትምህርት ቤቱ ዲን የነበሩት ዲ. ኤ. ሄንደርሰን ከዚያ በፊት የዓለም ጤና ድርጅትን የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ የመሩ ናቸው። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። የአያቴ ፊት ላይ ጠባሳው ነበር፤ ልጅ ሆኜ በጣቴ እየቆጠርኩ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

በጥቅምት አንድ ቀን ክፍላችን ሶመር ሆል በሚባለው አዳራሽ ተደረገ። ስሙን ከቁብ አልቆጠርኩትም። ትምህርቱ ሲጀመር ግን ስለ ቫይታሚን ኤ ሆነ። አልፍሬድ ሶመር የዓይን ሐኪም ናቸው፤ ከሄንደርሰን ቀጥለው ዲን ሆነዋል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሕፃናትን ዳፍንት ሲያጠኑ፣ ዳፍንት የያዛቸው ልጆች ከእኩዮቻቸው ይልቅ እንደሚሞቱ አስተዋሉ። ዓይናቸው ብቻ አልነበረም የተጎዳው። ከዚያ አቼ ውስጥ በተደረገው ሙከራ፣ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት እንክብል በታደለባቸው መንደሮች የልጆች ሞት በ34 በመቶ አነሰ። በ1986 ሲታተም ብዙ ሰው ማመን አቃተው፤ ኔፓልና ጋና ውስጥ ተደግሞ ነው የታመነው።

መምህራችን «እንክብሉን በእጁ የሰጠ አለ?» ብለው ጠየቁ። እጄን አወጣሁ። ከኋላዬ ከኔፓል የመጣች ነርስም አወጣች። እንዴት እንደሚሰጥ አሳዩን ሲሉን ሁለታችንም ሳንነጋገር በግራ እጃችን የሌለ ጉንጭ ያዝን፣ በቀኝ ሁለት ጣታችን የሌለ መቀስ ቆረጥን። ተያይተን ቀረን። ከትምህርት በኋላ ካፍቴሪያ ተቀምጠን እስኪመሽ አወራን፤ እሷም መቀስ ይደነዝዝባት ነበር።

ማታ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቴሌግራም ረጅም ድምፅ ላክሁላት፤ የሶመርን ታሪክ፣ አቼን፣ 34 በመቶውን። እሷ መንገድ ላይ ሆና ነው የመለሰችልኝ፤ ንፋሱ ይሰማል። «ወንድሜ፣ እንዲህ መሆኑን ለእናቶቹ እነግራቸዋለሁ» አለች። ትንሽ ቆይታ ሌላ ላከች፤ «ስትመጣ ግን መቀስ አስበኝ። ያቺ አሁን ፈጽማ አልቆርጥ ብላለች»።

ግንቦት ላይ፣ ከመመለሴ በፊት ባለው ሳምንት፣ ጫፋቸው ያልሾለ ስድስት መቀስ ገዛሁ፤ አንዱ ወደ 5 ዶላር ነው። በእጅ ሻንጣ ይዤ እንዳይከለክሉኝ ብዬ እያንዳንዳቸውን በካልሲ ጠቅልዬ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከመጻሕፍቱ ስር አስገባኋቸው። እማማ ደረጃቸው ላይ ሆነው ሻንጣዬን ሲያዩ ማራገቢያውን የት እንዳደረግሁት ጠየቁኝ። ላይ ክፍሉ ውስጥ፣ ለሚቀጥለው ተከራይ ትቼዋለሁ አልኳቸው።