ቀለም ብቻውን ቤት አያድስም

ዛሬ አዳማ ውስጥ ተከራይ የለቀቀው ኮንዶሚኒየም ሳጸዳ ዋልኩ። ባለቤቷ ውጭ አገር ናት። በቴሌግራም ቪዲዮ ቤቱን አዙሬ አሳየኋት። «ቀለም ቀባ ቀባ አድርገውና ይከራይ» አለችኝ።

እህቴ፣ ግድግዳው ሻግቷል እኮ! ሻጋታ ላይ የተቀባ ቀለም ብዙም ሳይቆይ ይላጣል። ጎንበስ ብዬ ሳይ የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ያንጠባጥባል። ከሥሩ ጎድጓዳ ሳህን ተደርጎለታል፤ ሳህኑም ሞልቶ ፈሷል። ተከራዩ ደውሎ ቢናገር ምን ነበረበት? ለነገሩ ቢደውልስ ማን ያነሳለታል።

የሻወሩ ቀዳዳ ደግሞ ውሃው በሚተወው ነጭ ቅርፊት ተደፍኗል። አቼቶ በፌስታል አድርጌ ሻወሩ ላይ አሰርኩት። ከሰዓት ስፈታው በጥርስ ብሩሽ ፈተግ ሳደርገው ተራገፈ። አደራ፣ አቼቶና በረኪና እንዳትቀላቅሉ! የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

የመስኮቱን አቧራ ተዉት፣ የአዳማ ንፋስ ነገ ይመልሰዋል።

በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት ነው። 2 ዓመት ሙሉ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

መጀመሪያ ቧንቧው፣ ከዚያ ግድግዳው ይድረቅ፣ ቀለም መጨረሻ አልኳት። ተስማምታለች። ብሩ ግን ገና አልገባም 😅