ዝናብ አይሰደብም

በዚህ ሳምንት አየሩን ምን እንደነካው እንጃ። ሰኞ ጠዋት የጦሳ ተራራ እስከ ጫፉ ጥርት ብሎ ይታይ ነበር፣ እኔም ጃኬቴን ትቼ ወጣሁ። ማታ ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ዳገት ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሚኒባሱ መብራቱን አብርቶ ቀስ እያለ ይወጣል፣ እኔ በሸሚዝ እንቀጠቀጣለሁ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ ስንወርድ ሙቀት፣ ስንወጣ ብርድ የለመድነው ነው። የሰሞኑ ግን ሌላ ነው። ማክሰኞ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሮብ በረዶ።

የእማዬን ጋቢ አጥቤ ሽቦ ላይ አስጥቼው ነበር። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ቆርቆሮው መንጓጓት ጀመረ። ስወጣ ጋቢው ጭቃ ላይ ወድቋል፣ ሽምብራ የሚያክል በረዶ ጥለቱ እጥፋት ውስጥ ተሰግስጓል። ተናደድኩ። "የተረገመ ዝናብ!" አልኩ።

"ዝናብ አይሰደብም!" አለች እማዬ ከውስጥ። እንደዚያ ስትቆጣ ሰምቻት አላውቅም። ወጥታ ጋቢውን ራሷ አነሳችና አራገፈችው። ስለ ጭቃው አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ እዚያው ቀረ። እማዬ ደላንታ ላለው አጎቴ ስትደውል ከሰላምታ በፊት "ዘነበ?" ነው የምትለው። ለእኔ በልግ ጃንጥላ ልያዝ አልያዝ ነው። እዚያ ላለ ሰው ገብስ ነው፤ የመኸሩ እህል እስኪደርስ ቤቱን የሚያቆየው እሱ ነው።

ሐሙስ ማታ ደወለችለት፣ ድምፁ እኔም ጋ ይሰማል። "ደመናው ይመጣል እታለም፣ ያንዣብባል፣ ይሄዳል። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰክቼ አየሁት፤ እርጥበቱ ከመጀመሪያው አንጓ አያልፍም። ገብሱ በቅሎ ጫፉ ቢጫ እያለ ነው።" እኛን በረዶ ሲደበድበን እነሱ ጋ ጠብ ያለ ነገር የለም።

"ዘር አስቀርተሃል?" አለችው። መልሱ ዘገየ።

የ1976 በልግ ቀረ፣ ክረምቱም አልሆነም፣ ከዚያ 1977 መጣ። እማዬ ያኔ ልጅ ነበረች። የበሽሎን ወንዝ ተሻግረው በእግር ደሴ እንደገቡ አውቃለሁ። ስንት ሆነው እንደተነሱ፣ ስንት ሆነው እንደደረሱ ግን አላውቅም። እቤታችን ስለዚያ ዓመት አይወራም። አልጋዋ ሥር በማዳበሪያ የታሰረ ገብስ አለ፤ እንዳይነቅዝ በየዓመቱ ትለውጠዋለች፣ አስፈጭታው ግን አታውቅም። ልጅ ሆኜ የረሳችው ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ከሥራ ስገባ ማዳበሪያውን ፈትታ በረንዳው ላይ ገብሱን በሰፌድ ታበጥራለች። ሰኞ ወደ ደላንታ የሚሄድ መኪና ጠይቃለች። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጠጠር መልቀም ጀመርኩ። ጎረቤታችን ቡና ጠጡ ብላ ተጣራች፣ ሁለታችንም አልተነሳንም። ያን ጊዜ ስንት ነበራችሁ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ እጇን ሳይ ተውኩት። አንዷን ፍሬ በጥፍሯ ጫን አድርጋ፣ ደህና መሆኗን አይታ፣ ወደ ሰፌዱ ትመልሳለች። አንድ በአንድ።

ጦሳ ላይ መጥቆር ሲጀምር ቀና አለች።

"ይሄ ደመና ወዴት የሚሄድ ይመስልሃል?"