ነገ ይደርሳል

አናጢና ልብስ ሰፊ ቀጠሮ አያከብሩም ይባላል። ልብስ ሰፊዎቹ ለራሳቸው ይመልሱ። የአናጢው ግን እውነት ነው፤ እኔ ራሴ ምስክር ነኝ። ለስምንት ዓመት ያህል በቀን አምስት ጊዜ «ነገ ይደርሳል» እል ነበር። መጀመሪያ ለደንበኛ፣ ቀጥሎ ለባለቤቴ፣ በመጨረሻ ደግሞ ለልጄ።

ሙያውን የለመድኩት ኮተቤ፣ አንድ ሽማግሌ አናጢ ጋ ነው። ጋሼ ነበር የምንላቸው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ሰጋቱራ ከመጥረግና እንጨት በብርጭቆ ወረቀት ከማሸት ሌላ ሥራ አልሰጡኝም። መሮ ያስያዙኝ ስለቱን መሳል ስችል ነው። የሳልኩትን ተቀብለው በክንዳቸው ፀጉር ላይ ይሞክሩታል። ካልላጨ ይመልሱልኛል። የግራ ክንዳቸው ሁልጊዜ የሕፃን ክንድ ይመስል ነበር።

ስኳድራ፣ ማለትም የማዕዘን መለኪያው፣ ወድቆ ሊዛባ ይችላል ብለው አያምኑትም። በአንዱ ጎን 60 ሳንቲም፣ በሌላው 80 ሳንቲም ላይ ምልክት አድርግ፤ በሁለቱ ምልክቶች መሃል ሜትር ዘርጋ፤ ልክ 100 ካልመጣ ማዕዘኑ አልገጠመም ማለት ነው፣ ፍታው ይሉኛል። ዛሬም እኔ ጋ የሚሠሩትን ልጆች የማስተምረው ይህንኑ ነው።

ስለ እንጨት ያስተማሩኝን ግን የራሴን ቤት ስከፍት ረሳሁት። እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ ቁመቱ እምብዛም አይቀንስም፤ ወርዱ ግን ይሰበሰባል። ስለዚህ ሳይደርቅ የተሠራ በር በጋ ሲመጣ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ያወጣል። ባህር ዛፍማ ከዚያም ይብሳል፤ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ማድረቅ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጥላ ሥር ደርድሮ፣ በየመሃሉ ቀጫጭን እንጨት አስገብቶ፣ ነፋስ እንዲያልፍበት አድርጎ። «ነገ ይደርሳል» ያለ ሰው ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?

ዕቁብ ወጣልኝና የጠረጴዛ መጋዝ ገዛሁ። መዶሻውንና ጉጠቱን ከምናለሽ ተራ ለቃቀምኩ። ደንበኛ ጎረፈ። ችግሩም አብሮ መጣ፤ ችግሩ የቀብድ ነው። የአልጋ ቀብድ ተቀብዬ ለቁም ሳጥን እንጨት እገዛበታለሁ። የቁም ሳጥኑን ባለቤት ለማስታገስ ደግሞ የሶፋውን ቀብድ እነካለሁ። ብሩ የሰው መሆኑ ትዝ የሚለኝ ስልክ ሲጮህ ነው። ስልኩን ሳላነሳ ስቀር ባለቤቴ ታየኛለች። ምንም አትልም፤ የእሷ ዝምታ ደግሞ ከጭቅጭቅ ይከብዳል።

ያቆመኝ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የወሰድኩት ቁም ሳጥን ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ሦስት ጊዜ «ነገ» ያልኩበት ሥራ ስለነበር ልኩን የወሰድኩት ሩጫ ላይ ሆኜ ነው። የሳጥኑ ቁመት 2 ሜትር ከ40፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲም። ሰውየው ጂፕሰም አሠርቶ ስለነበር ጣሪያው ዝቅ ብሎ 2 ሜትር ከ45 ነው። አምስት ሳንቲም ይተርፋል ብዬ ተደስቻለሁ። ጫኝና አውራጆቹ በላብ ተጠምቀው አወጡት፤ አጋድመን አስገባነው። ልናቆመው ስንል ጫፉ ጂፕሰሙን ቧጨረና ቆመ። ሳጥን ከተጋደመበት ሲነሳ የሚያስፈልገው ቁመቱን ብቻ አይደለም። ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ነው የሚወስነው፤ የእኔው 2 ሜትር ከ47 ነበር። ሁለት ሳንቲም!

በኮላና በምስማር የገጠምኩት ስለሆነ አይፈታም። እዚያው መኝታ ቤት ውስጥ እግሩን በእጅ መጋዝ ቆረጥኩት። ሰውየው አልተሳደበም። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ቀድመህ ሌላ ሳምንት ብትለኝ እኮ እጠብቅህ ነበር» አለኝ። ጂፕሰሙን ከኪሴ አሠራሁለት።

ማታ ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። የማን ቀብድ የት እንደገባ ሳይቀር። ደብተር አመጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀብድ የሚገባው እሷ ጋ ነው፤ የምትሰጠኝም በደንበኛው ስም ለሚገዛ እንጨት ብቻ ነው። በሒሳብ ከእኔ እንደምትሻል ቀድሞም አውቅ ነበር፤ አምኜ ለመቀበል ነው የዘገየሁት። አሁን ቁም ሳጥን ሁሉ ተፈቶ የሚገጠም ነው፣ በቡለንና በቪቴ። ቀን ስቆርጥ ደግሞ ይበቃኛል ባልኩት ላይ አንድ ሳምንት እጨምራለሁ። አንዳንዱ ደንበኛ ይሄዳል። ይሂድ። በፊት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ቤቴን አይቼው አላውቅም ነበር፤ አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል መጋዙን አጠፋለሁ። ጎረቤቱም ሳያመሰግነኝ አይቀርም።

የቀረችኝ ልጄ ነበረች። አንደኛ ክፍል ስትገባ የማጥኛ ጠረጴዛ ቃል ገብቼላት፣ ሦስተኛ ክፍል ደርሳለች። ከፈረሰ ቤት የገዛሁት የዋንዛ በር ነበረኝ፤ ዕድሜ ያደረቀው እንጨት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ብዙም ንቅንቅ አይልም። መላጊያ ሳሳርፍበት ከጥቁሩ ቀለም ሥር ማር የመሰለ መልክ ወጣ። «ቅዳሜ» አልኳት።

ቅዳሜ ከሰዓት ደብተሮቿን ታቅፋ ሱቁ በር ላይ ቆማለች። ጠረጴዛው አልቋል፤ ግን ኮላው ገና እርጥብ ነው፣ በሞርሳ ታስሮ ማደር አለበት።

«እስከ ነገ አትንኪው» አልኳት።

«ነገ?» አለችና ዞር ብላ እናቷን አየቻት።