500 ዋት የተባለው ፓወር ሰፕላይ

እናትና ልጅ ከአዘዞ ባጃጅ ተኮናትረው፣ ኮምፒውተሩን በነጠላ ጠቅልለው ፒያሳ ወዳለው ሱቃችን ገቡ። ልጁ አፉን ሳይከፍት እናቱ ቀደሙት፦ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጌም ሲከፍት ድርግም ይላል። መብራት ጠፍቶ እንዳትለኝ፤ አምፖሉ በርቶ እያየሁት ነው።»

ሌላ ቦታ ፎርማት ተደርጎለታል፣ ራሙም ተቀይሯል። በመጨረሻ «የግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን የሚሠራው ክፍል) ተበላሽቷል» ተብሎ ልጁ ካርዱን ሊሸጠው ደርሷል። አርኤክስ 580 ነው፤ ያገለገለ ቢሆንም ንጹሕ። ዊንዶውስ ላይ፣ ቪዲዮ ላይ ምንም አይለውም። ጌም ሲገባ ግን ድርግም!

ኬዙን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም መብራቱን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ለካርድ የሚሆን ባለ 8 ፒን ገመድ የለውም፤ ከሀርድ ዲስክ መስመር በአዳፕተር ተቀጥሏል። ነጩ ፕላስቲክ በቢጫው ሽቦ በኩል ቡናማ ሆኖ፣ ጠጋ ሲሉት የተቃጠለ ሽታ አለው። ፓወር ሰፕላዩን ፈትቼ ሳነሳው እንደ ባዶ ቆርቆሮ ቀለለኝ።

ልጁ ቅር አለው። «ጋሼ፣ እኮ 500 ዋት ነው! የካርዱ ቺፕ አምራች ኤኤምዲም ለዚህ ካርድ 500 ነው የሚለው።» እውነቱን ነው፣ አንብቦ ነው የገዛው። ኤኤምዲ 500 ሲል ግን የምር 500 የሚሰጠውን ነው። የዚህኛው ጎን ላይ በትልቁ 500 ተጽፏል፤ ከሥሩ ባለው ሰንጠረዥ የ12 ቮልቱ ረድፍ 18 አምፔር ብቻ ይላል። 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት። ካርዱ ብቻውን 185 ይፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 4570 ነው፣ 84። ሁለቱ 269 ሆኑ፤ ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩና ፋኑ ገና አልተቆጠሩም። የቀረው አቅም በ3.3 እና በ5 ቮልት ላይ ነው የተጻፈው፤ ካርድና ፕሮሰሰር ደግሞ የሚስቡት ከ12ቱ ነው። ደንበኞቼን ሰንጠረዡን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ የምለው ለዚህ ነው።

መሞከሪያ ፓወር ሰፕላያችንን ገጠምኩለት፤ 550 ዋት ብሮንዝ (የብቃት ደረጃው ነው)፣ የ12 ቮልቱ ከ40 አምፔር በላይ፣ የራሱ ባለ 8 ፒን ገመድ ያለው። ያንኑ ጌም ከፈተ። እኔ ሌላ ደንበኛ አስተናግጄ ስመለስ እየተጫወተ ነው፤ እናቱ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«550 ከሆነ ቆጣሪውን አይበላብኝም?»

«የለም እናቴ፤ 550 አቅሙ ነው። ከግድግዳው የሚስበው ማሽኑ በጠየቀው ልክ ነው፤ ካልተጫወተ ትንሽ ነው የሚወስደው።»

ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። «እንግዲያው የሚበላው ይሄ ነዋ!»

ከዚያ ዋጋ መከራከር ጀመርን።